አጥንት የሚመልሰው ሾፌር

ባለፈው ሳምንት ጀማል ከአል ዐይን የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "ጋሽ ደምሰው..." ብሎ ጀመረና ሳል ያዘው። እኔ አቡ ዳቢ፣ አል ዋሕዳ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ያለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ የተበላሸ ኤሲ ፈትቼ እጄ በግሪስ እንደተለወሰ። እዚህ አገር ሰው የአንድን ሰው ስም ጠርቶ ዝም ሲል የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጀማል ግን ሳሉን ተገላግሎ "...ጠቅልሎ ገባ። ትናንት ሸኘነው። ሻንጣው ኪሎ በዝቶበት ጫማዎቹን አስወጡት" አለ። ፒንሳውን አስቀምጬ እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ለሳሉ አንድ ነገር ልለው አስቤ ነበር፤ ደስታው በለጠብኝና ተውኩት።

ዓረብ አገር ላልኖረ ሰው "ጠቅልሎ ገባ" ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ማንም ሳያባርርህ፣ ሳትከሰስ፣ ሳትታመም፣ በቃኝ ብለህ በራስህ ጊዜ አገርህ መግባት ማለት ነው። ሁላችንም የምንመኘው ይህንኑ ነው። ጋሽ ደምሰውን ይህ ምኞት ለጥቂት ነው ያላመለጠው፤ ያን ቀን አብሬው ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ያኔ አል ዐይን፣ አል ኸቢሲ ሰፈር ውስጥ ካንድ ያረጀ ቪላ ጓሮ አንዲት ክፍል ለሦስት እንጋራ ነበር። ጀማል የወሎ ልጅ ነው፣ በጥበቃ ይሠራል። እኔ ያው የኤሲ ጥገና። ጋሽ ደምሰው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በዕድሜ አባታችን ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ አንቱ ስንለው "ባንድ መታጠቢያ ቤት እየተሰለፍን አንቱታ ምን ይሠራል?" ብሎ ከለከለን። አጭር ነው፣ ቦርጫም፣ የፀሐይ መነፅሩን ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ የሚያደርግ። ዓይኑ ላይ አድርጎት ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ሲሄድ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬቱን ያያል።

በሥራው ላይ አንድ ሕግ ነበረው። "ልጅ በጎረቤት በር አይወርድም" ይላል። የልጁ በር የልጁ በር ነው፤ ሞግዚቷ ብትለምን፣ ጎረቤቷ ብትምል፣ አለቃው ቢጮህ ለውጥ የለም። አንድ ቀን አል ሂሊ አካባቢ የአንዱ ሕፃን ቤት ተቆልፎ አገኘው። እናትየው መንገድ ተዘግቶባታል። አለቃው ደውሎ "ጎረቤት ትተኸው ና፣ ሌላ ጉዞ አለህ" አለው። ጋሽ ደምሰው ስልኩን ዘግቶ አውቶቡሱን በሩ ላይ አቆመና ከሕፃኑና ልጆቹን ከምትጠብቀው የአውቶቡሱ ረዳት ጋር ቁጭ አለ። እናትየው ስትደርስ መጀመሪያ እሱን ተቆጣችው፣ ልጄን ለምን አቆየኸው ብላ። በማግሥቱ ጠዋት ግን በሩ ላይ ቴምር ላከችለት። እሱም ቴምሩን ለእኛ እያከፋፈለ "ደኅናውን ለራሷ አስቀርታ ነው" ይላል። አመስጋኝም ነው፣ አሽሟጣጭም ነው፤ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ያስኬዳቸዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው አጥንት ይሰበስብ ነበር። ወደ ድንጋይ የተለወጠ አጥንት፣ ቅሪተ አካል የሚሉትን።

ነገሩ የጀመረው ከእኛ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው። በምዕራብ በኩል፣ ከአቡ ዳቢ ከተማ ርቆ በባሕሩ ዳርቻ፣ ለአንድ ግንባታ የቀን ሠራተኞች ያመላልስ ነበር። እዚያ ባሕሩ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ወደ የብስ የገባበት ቦታ አለ፤ ኾር ይሉታል። ውኃው ሲሞላ እስከ ገደሉ እግር ይደርሳል፣ ሲጎድል ጭቃና አሸዋ ትቶ ይሸሻል። ገደሉ ረጅም አይደለም፤ ቀይ፣ በጣት ሲነኩት የሚራገፍ ነው። ሠራተኛ አድርሶ እስኪመልስ ድረስ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅ ሾፌር ምን ያደርጋል? ሌሎቹ አውቶቡስ ውስጥ ይተኛሉ፣ እሱ እጁን አጣምሮ በገደሉ ሥር ይዞራል። ከገደሉ ላይ አጥንት ብቅ ብሎ አየ። አንድ መሐንዲስ ድሮ እዚህ ቦታ ትልቅ ወንዝ እንደነበረ፣ እንስሳት ይጠጡበት እንደነበር ነገረው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው? አል ዐይን ከተዛወረ በኋላም በዕረፍቱ ቀን ጀበል ሐፊት ተራራ እየወጣ ድንጋይ የሆነ የባሕር ዛጎል ይለቅም ነበር።

መሐንዲሱ ያስተማረው ሌላም ነገር አለ። ያገኘኸውን በምላስህ ንካው፣ ከተጣበቀ አጥንት ነው፣ ካልተጣበቀ ተራ ድንጋይ ነው። ጋሽ ደምሰው ይህንን እንደ ሃይማኖት ያዘው። የላሰው ድንጋይ ብዛት አይነገርም። ጀማል ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

"ጋሽ ደምሰው፣ ምን እንደሸናበት ታውቃለህ?"

"የሸናው ሞቷል" ይላል ጋሽ ደምሰው፣ ምላሱን ሳይሰበስብ።

ዕውቀቱን ግን አትመኑት። ትልቅ ከሆነ ግመል ነው፣ ትንሽ ከሆነ ፍየል ነው፣ ክብ ከሆነ የሰጎን እንቁላል ነው፤ በቃ፣ አራተኛ የለም። አንዴ አል ሂሊ ከአንድ እርሻ አጥር ሥር ያገኘውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። የሲሚንቶ ቁራጭ ነበር፣ ከውስጡ የዛገ ሽቦ የወጣ። ሽቦውን ባሳየው "ጅማቱ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ያን ዕለት ማታ ጀማል በሳቅ እራቱን መብላት አልቻለም።

ስብስቡ አልጋው ሥር ነበር፣ በሙዝ ካርቶኖች። ለእያንዳንዱ በአውቶቡሱ የሚያመላልሳቸውን ልጆች ስም አውጥቶለታል። ይሄ ራሺድ ነው፣ ይቺ ሰልማ ናት፣ ይቺ ደግሞ የምትነክሰው ማርያም። የካርቶኑ ንጉሥ አንድ ትልቅ የመንጋጋ ቁራጭ ነበር፣ ጥርሶቹ እንደተደረደሩ፣ ከኾሩ ገደል የመጣ። ስሙ ሱልጣን። በጋሽ ደምሰው ቤት ግመል ነው። እንግዳ ሲመጣ ሱልጣን ይወጣና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። "እኛ የድንቅነሽ አገር ልጆች ነን፣ አጥንት ማክበር እናውቃለን" ይላል። ክልክል ነው ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም፣ እሱም አልጠየቀም። አገራችን ከሜዳ ድንጋይ ያነሣ ማን ተጠይቆ ያውቃል?

የነገረው ጀማል ነው። ለጥበቃ ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጥቷቸው ኖሮ ከዚያ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ጫማውን ሳያወልቅ "ጋሽ ደምሰው፣ ያ ካርቶንህ ወንጀል ነው" አለ። ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል ማንሣት ሕግ ይከለክላል። ከተያዝክ ክስ አለ፣ ክስ ካለ ደግሞ እስኪያልቅ ከአገር አትወጣም፤ ሲያልቅም ምናልባት አውጥተው እንዳትመለስ ያደርጉሃል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ደምሰው ያሾፍ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሶስና ሠርግ ደርሶ ነበር። ሶስና አንድ ልጁ ናት። ትቷት ሲመጣ መራመድ የጀመረች ሕፃን ነበረች። ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ትኬቱ ይወደዳል፣ ትኬቱ ሲገኝ ቤት የሚሠራለት ሰው ገንዘብ አለቀ ብሎ ይደውላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የልጅቷን ዕድሜ በስልክ ነው ያየው። ጥርሷ ሲነቀል በስልክ፣ ስትመረቅ በስልክ። አሁን ለዳግማ ትንሣኤ ልትዳር ነው፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሱፉ ተሰፍቶ በላስቲክ ተሰቅሏል። "ሠርጓን በስልክ ካየሁ ሰው አይደለሁም" ብሎን ነበር፣ እየሳቀ ሳይሆን።

አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ካርቶኖቹን በእግሩ ወደ ራሱ ሳባቸው። ጀማል "ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ጠዋት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨምራቸው፣ ማንም አያውቅም" አለ። እኔም ደገፍኩት። ትክክለኛው ምክር ይሄ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የምመክረው ይህንኑ ነው።

"ቆሻሻ ውስጥ?" አለ ጋሽ ደምሰው። "ልጅ በጎረቤት በር አይወርድም ስል ከርሜ ቆሻሻ ውስጥ ላወርድ?"

"ድንጋይ ናቸው እኮ" አልኩት።

"ካነሣሁበት እመልሳቸዋለሁ። እያንዳንዱን ከየቤቱ ደጃፍ። ከዚያ እገላገላለሁ።"

ለመንነው፣ ተቆጣነው፣ ጀማል ጭራሽ አኮረፈው። ምንም አልሠራም። አሮጌም ብትሆን መኪና የነበረችኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ነጂው እኔ ሆንኩ። ብቻውን በታክሲ ሄዶ ከሚያዝ ከእኔ ጋር ቢያዝ ይሻላል ብዬ ይመስለኛል። አሁን ሳስበው ምኑ እንደሚሻል አላውቅም።

ጀበል ሐፊት ቀላል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በተራራው መንገድ እያቆምን፣ እሱ እየወረደ፣ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። ለሽርሽር የመጡ ቤተሰቦች ያዩት ነበር፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ድንጋይ ሲያስቀምጥ ማን ይጠረጥራል? ቦታቸውን የሚያስታውሰው እንደ አውቶቡስ መስመር ነው። "ከሁለተኛው ጥምዝ አለፍ ብሎ፣ የተሰነጠቀው አለት፣ በግራ" ይላል። ግማሹን ተሳስቶ ያስቀመጠ ይመስለኛል፣ አንዷን ዛጎል እንኳ ሦስት ቦታ አስቀምጦ ሦስቴ አንሥቷታል። እሱ ግን እያንዳንዱን ካስቀመጠ በኋላ መዳፉን ያራግፍና "ደህና ዋል፣ እናትህን ሰላም በል" ይለዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኾሩ ሄድን። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤ የኾሩ ሆድ ጭቃ ብቻ ሆኖ ወፎች ይለቅሙበታል። ጋሽ ደምሰው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ፣ በገደሉ ሥር መጓዝ ጀመረ። የኤሊ ቅርፊት እዚህ፣ የአዞ ጥርስ እዚያ (በእሱ ቤት የፍየል ነው)። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ መንገዱን አያለሁ። ከረጢቱ ውስጥ ሱልጣንና ጥቂት ትንንሽ ቁርጥራጮች ብቻ ሲቀሩ ከገደሉ አናት የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ሁለት ናቸው። አንዱ የመንግሥት መለያ የለበሰ ወጣት ኤሚሬቲ፣ አንዱ ሾፌሩ። ወጣቱ ቁልቁል ወርዶ በትሕትና ሰላም አለን። ትሕትናው የባሰ አስፈራኝ። ከረጢቱን እንዲከፍት ጠየቀው። ጋሽ ደምሰው ከፈተ። ሱልጣን በጥርሶቹ ቀና ብሎ አየን።

"ኢቃማ" አለ ሰውየው። ሁለታችንም መታወቂያችንን ሰጠን። ወደ ደረት ኪሱ ከተታቸው።

ጋሽ ደምሰው የሾፌር ዓረብኛውን አወጣ። "አና ማፊ ሺል። አና ረጅዕ" አለ፤ አልወሰድኩም፣ እየመለስኩ ነው ማለቱ ነው።

ሰውየው ትንሽ ፈገግ አለ። "ከረጢት ይዞ ያገኘሁት ሁሉ እየመለስኩ ነው ይለኛል" አለው። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ስልኩን አውጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ መደወል ጀመረ። የጋሽ ደምሰውን ፊት አየሁት። ላቡ በመነፅሩ ሥር እየወረደ ነው። በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ልጄ ምን ትላለች?" አለኝ። ሰውየውን እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው ሁሉ አስቤ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ደምሰው ሳይፈቀድለት መራመድ ጀመረ። ሾፌሩ "ቁም" አለው፣ አልቆመም። ሱልጣንን እንደ ሕፃን ታቅፎ በገደሉ ሥር ጥቂት ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ተንበረከከና አሸዋውን በጣቱ መጥረግ ያዘ። ከቀዩ አፈር ውስጥ ነጣ ያለ አጥንት ብቅ አለ። ጫፉ የተሰበረ ነው። ጋሽ ደምሰው ሱልጣንን ገልበጥ አድርጎ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ፣ ገፋው። እንደ መሳቢያ ገባ። ስብራቱ ከስብራቱ ገጠመ፤ የጥርሶቹ መስመር ከሱልጣን ተነሥቶ ሳይቋረጥ ወደ ገደሉ ውስጥ ቀጠለ።

ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ መጣ። አጎነበሰ። በአውራ ጣቱ የመገጣጠሚያውን መስመር ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው። በስልኩ ውስጥ ሰው "አለህ?" ይለዋል፣ እሱ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

"መቼ ነው የወሰድከው?" አለ በመጨረሻ።

"ከብዙ ዓመት በፊት። ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳውቅ መለስኩት።"

"ለምን አልጣልከውም?"

ጋሽ ደምሰው ጥያቄው ራሱ አልገባውም። በዓረብኛም፣ በአማርኛም፣ በእጁም "ቤቱ ነው" አለ፣ ገደሉን እየጠቆመ። "ቤቱ እዚህ ነው።"

ሰውየው ፎቶ አንሥቶ ላከና ሌላ ቁጥር ደወለ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ። የመለሰችለት ሴት የቅሪተ አካል ባለሙያ ናት፤ ዓረብኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀለች በጣም ፈጥና ታወራለች። አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፣ "አትልቀቀው" የሚል። ጋሽ ደምሰውም ሰምቶ ነበር፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ሰውየው ግን እጁን አውለበለበልን፣ ቆዩ፣ ቆዩ እንደማለት። ቀጥላ የተናገረችውን ተረጎመልን፤ አትልቀቀው፣ ሌሎቹን የት የት እንዳስቀመጣቸው ያሳይህ፣ ባሕሩ ሳይሞላ ቶሎ አንሡልኝ ነው የምትለው። ለካ ገደሉ ሥር የተበተኑት ቁርጥራጮች ማዕበል ሊወስዳቸው ነው። መመለስ ሳይሆን መሥሪያ ቤት አምጥቶ ማስረከብ ነበረበት። የሁለት ቅዳሜ ልፋቱ፣ በአጭሩ፣ ስሕተት ነው።

ባሕሩ መሙላት ጀምሯል። እንግዲህ አራት ሆነን፣ ሁለት የመንግሥት ሰዎችና ሁለት ተጠርጣሪዎች፣ ሱሪ ጠቅልለን ስንሮጥ ነበር። ጋሽ ደምሰው ከፊት ሆኖ "እዚህ ራሺድ! እዚያ ሰልማ!" ይላል፤ እነሱ እያነሡ ሳጥን ውስጥ ያደርጋሉ። ወጣቱ ስማቸው ከየት እንደመጣ ሲገባው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስ የመጨረሻዋ ተገኘች። ጋሽ ደምሰው እያለከለከ "በየደጃፋቸው ያወረድኳቸውን ልጆች መልሰህ ጫን አሉኝ" ብሎ አጉረመረመብኝ። ሱልጣንን ግን እዚያው ገደሉ ውስጥ ተዉት፤ ባለሙያዋ ራሷ መጥታ ከነሙሉ አካሉ ልታወጣው ነው። በስልኩ ምን እንደሆነም ነገረችን። ጉማሬ።

"ጉማሬ?" አለ ጋሽ ደምሰው። "እዚህ? ይሄ ሁሉ ዓመት ግመል ብዬ ስጠራው?"

ወጣቱ ኪሱን ከፍቶ መታወቂያዎቻችንን አወጣ። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው አለ፣ ሁለተኛ እንዳይለመድህ። የሐፊቶቹን ዛጎሎች ለባለሙያዋ በስልክ እንዲያስረዳ ቁጥሯን ሰጠው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጨበጠን። እጄን ጨብጦ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሰው የለም።

መኪናዋ ውስጥ ገብተን ብዙ መንገድ ሄድን። አንድ የነዳጅ ማደያ ስንደርስ ጋሽ ደምሰው "አቁምልኝ" አለ። ውኃ ሊገዛ መስሎኝ አቆምኩ፣ ሞተሩንም አጠፋሁ። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ሶስና፣ የኔ እናት። ምን አዲስ ነገር አለ?"

ልጅቷ ምንም አታውቅም። ድምፅዋ መኪናውን ሞላው። አክስቷ ያልተጠራ ሰው ሁሉ ጠርታለች፣ የድንኳኑ ሰውዬ ቃሉን አጥፏል፣ ሚዜዎቹ በቀሚስ ቀለም ተጣልተዋል፣ አባዬ፣ በነዚህ ሰዎች ላብድ ነው። ኤሲው ከጠፋ ወዲህ መኪናው እንደ ምድጃ ሆኗል፤ ሙያዬ ማቀዝቀዝ ነውና እጄ ሳላስበው ወደ ቁልፉ ሄደ። ጋሽ ደምሰው ክንዴን ያዘኝ፣ ሞተሩ ድምፅዋን እንዳይሸፍንበት። እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ነው፣ ድምፁ ግን ደህና ነበር።

"እሺ" አላት። "ሌላስ? ሁሉንም ንገሪኝ።"